በጎንደር ጥሩ ሆቴል በተገቢ ዋጋ እንዴት ይያዛል?

በጎንደር በአንድ ባለ ኮከብ ሆቴል፣ በአንድ ፎቅ ላይ፣ ጎን ለጎን በሚገኙና በምንም በማይለያዩ ሁለት ክፍሎች ያደሩ ሁለት እንግዶች ጠዋት ቁርስ ላይ ተገናኝተው የከፈሉትን ቢነጋገሩ፣ አንደኛው የሌላውን እጥፍ ያህል ከፍሎ ሊገኝ ይችላል። ልዩነቱን ያመጣው ክፍሉ አይደለም፤ እንግዶቹ የመጡበት ቀን፣ አልጋውን የያዙበት መንገድና ከመክፈላቸው በፊት የጠየቁት ጥያቄ ነው። የምኖረው ጎንደር በመሆኑ ከአዲስ አበባም ሆነ ከውጭ አገር የሚመጡ ዘመዶችና ወዳጆች ዘወትር «አልጋ ያዝልን» ይሉኛል። በየዓመቱ ከሆቴሎች ጋር ስነጋገር ያስተዋልኩት ነገር ለሠርግ፣ ለበዓል፣ ለጉብኝት ወይም ሁለት ቀን አረፍ ለማለት ወደ ከተማችን ለሚመጣ ሰው ይጠቅማል ብዬ ስላመንኩ እዚህ አሰፍረዋለሁ።

በቅድሚያ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ርካሽ አልጋ ማግኘት አይደለም፤ ርካሽ አልጋ ለሚፈልግ ሰው በከተማዋ ፔንሲዮን ሞልቷል። ዓላማው ሙቅ ውሃ በማይቋረጥበት፣ መብራት ሲጠፋ ጀነሬተር ወዲያው በሚነሣበት፣ አንሶላው በጸዳና አስተናጋጁ ሥራውን በሚያውቅ ሆቴል ውስጥ፣ ለአገልግሎቱ የሚገባውን ከፍሎ፣ ከሚገባው በላይ ግን ሳይከፍሉ ማደር ነው።

ቀኑን መምረጥ

በጎንደር የሆቴል ዋጋን ከምንም በላይ የሚወስነው የቀን መቁጠሪያው ነው። ከዓመቱ ሁሉ ውዱ ጊዜ ጥምቀት መሆኑን ለማንም መንገር አያስፈልግም። ከከተራ ዕለት ከጥር 10 ጀምሮ እስከ ቃና ዘገሊላ እስከ ጥር 12 ድረስ ታቦታቱ በቀሃ ወንዝ ውሃ ወደሚሞላው የፋሲል መዋኛ ሲወርዱና ሲመለሱ ለማጀብ የሚመጣው ሕዝብ ከከተማዋ አልጋ ቁጥር እጅግ ይበልጣል። በዓሉ እ.ኤ.አ. በ2019 በዩኔስኮ የተመዘገበ የማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስ እንደመሆኑ የውጭ ጎብኚዎችና አስጎብኚ ድርጅቶችም ክፍሎችን ከብዙ ወራት አስቀድመው ይይዛሉ። በእነዚህ ቀናት ድርድር የሚባል ነገር የለም ማለት ይቻላል። ሆቴሉ ክፍሉን ለእርስዎ ባይሰጥ ከኋላዎ የቆመ ሌላ ሰው እንዳለ ያውቃል።

ስለዚህ በጥምቀት መምጣት የሚፈልግ ሰው ገንዘብ የሚቆጥበው ዋጋ በማስቀነስ ሳይሆን ቀድሞ በመያዝ ነው። መስከረም ውስጥ፣ ቢዘገይ በጥቅምት፣ ዋጋውን አስቆርጦና ቀብድ ከፍሎ በጽሑፍ ማስያዝ ይገባል። በዚህ ጊዜ ሊጠየቅ የሚገባው ዋና ጥያቄ «ስንት ሌሊት መያዝ ግዴታ ነው?» የሚለው ነው፤ በበዓሉ ሰሞን ሦስት ወይም አራት ሌሊት ካልያዙ የማይቀበሉ ሆቴሎች ስላሉ፣ በከተራ ዕለት ብቻ ለማደር ያሰበ ሰው ላላደረበት ሌሊት እንዳይከፍል አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

በዓሉን ማየት ግድ ያልሆነበት ሰው «ጥምቀት ካለፈ በኋላ እመጣለሁ፣ ያኔ ይረክሳል» ብሎ ሊያስብ ይችላል፤ ሐሳቡ ግማሹ ብቻ ትክክል ነው። ጥር የሠርግ ወር ነው። ከጥምቀት ማግስት ጀምሮ ጾሙ እስኪገባ ድረስ ቅዳሜና እሑድ ትልልቆቹ ሆቴሎች በሙሽሮች፣ በሚዜዎችና ከሩቅ በመጡ ዘመዶች ይሞላሉ። በዚህ ወቅት የሚመጣ እንግዳ የሳምንቱን መካከለኛ ቀናት ቢመርጥ በዋጋም በጸጥታም ይጠቀማል።

በእኔ ግምት በጎንደር ጥሩ ሆቴል ለመያዝ ከሁሉ የተሻለው ጊዜ ዐቢይ ጾም ነው። በእነዚያ 55 ቀናት የኦርቶዶክስ ሠርግ የለም፤ የሆቴሎቹ አዳራሾች ባዶ ይሆናሉ፤ ሌሊቱን ሙሉ የሚጮህ ሙዚቃ አይኖርም፤ ሰማዩም ጥርት ያለ ነው። የሽያጭ ክፍሉ ሠራተኞች በጥር ስልክ ለማንሣት ጊዜ ያጡ እንዳልነበሩ፣ በመጋቢት መልሰው የሚደውሉልዎት እነርሱ ናቸው። የማይጾም እንግዳም ቢሆን አይቸገርም፤ ደረጃ ያላቸው ሆቴሎች ለሁለቱም ያዘጋጃሉ። የሚጾም ሰው ግን በዋጋው ውስጥ ያለው ቁርስ ጾመኛን ያገናዘበ መሆኑን ቢጠይቅ መልካም ነው። ዳቦና ሻይ ብቻ ለቀረበለት ጾመኛ «ቁርስን ይጨምራል» የሚለው ቃል ብዙ ትርጉም የለውም።

ክረምቱ ሁለት መልክ አለው። ከሰኔ ማገባደጃ እስከ ጳጉሜ ዝናቡ ይከብዳል፤ ወደ ደባርቅና ወደ ሰሜን ተራሮች የሚያልፈው ጎብኚ ይቀንሳል፤ ዋጋም ለድርድር ክፍት ይሆናል። ይሁን እንጂ ከውጭ አገር የሚመጡ ቤተሰቦች ልጆቻቸው ትምህርት ሲዘጉ የሚመጡት በዚሁ ጊዜ ነው፤ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ምረቃ በሚውልበት ሳምንት ደግሞ የተመራቂ ወላጆች ከየአቅጣጫው ስለሚገቡ ከተማዋ ለጥቂት ቀናት ጥምቀትን ትመስላለች። የምረቃውን ቀን ሳያጣሩ በክረምት መምጣት አይገባም። መስከረምና ጥቅምት አገሩ አረንጓዴ፣ አየሩ ጥሩ ስለሆነ ዋጋው ከፍ ይላል፤ ቢሆንም የተጋነነ አይደለም።

«ዋጋው ስንት ነው?» የሚለው ጥያቄ አይበቃም

ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። ሆቴል ደውሎ ዋጋ ሲጠይቅ የሚነገረው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የመጨረሻው ክፍያ አይደለም። ደረጃ ባላቸው ሆቴሎች 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያና 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይታከላል፤ በሆቴሎች ቋንቋ «ፕላስ ፕላስ» የሚባለው ይኸው ነው። ታክሱ የሚሰላው የአገልግሎት ክፍያው ከተደመረ በኋላ ስለሆነ ጭማሪው ሁለቱን ቁጥሮች በመደመር እንደሚገኘው 25 በመቶ ሳይሆን 26.5 በመቶ ይሆናል።

በምሳሌ እንየው። አንድ ሆቴል «በሌሊት 6,000 ብር ፕላስ ፕላስ» አለ እንበል። የአገልግሎት ክፍያው 600 ብር ነው፤ ድምሩ 6,600 ይሆናል። በዚህ ላይ 15 በመቶ ታክስ፣ ማለትም 990 ብር ሲጨመር፣ የአንዱ ሌሊት ክፍያ 7,590 ብር ይሆናል። ሦስት ሌሊት የሚያድር እንግዳ 18,000 ብር አስቦ መጥቶ 22,770 ብር ይከፍላል ማለት ነው። ሌላው ሆቴል ደግሞ «ሁሉም ተጠቃሎ 7,200 ብር» ቢል፣ ለጆሮ የሚከብደው ይህኛው ቢሆንም ለሦስት ሌሊት የሚያስከፍለው 21,600 ብር ስለሆነ ከመጀመሪያው በ1,170 ብር ይረክሳል። ሁለት ሆቴሎችን ሲያወዳድሩ ሁለቱንም ቁጥሮች ወደ ተጠቃለለ ዋጋ ሳይቀይሩ ማወዳደር ከንቱ ድካም ነው።

ከታክሱ ቀጥሎ የሚጠየቀው ቁርስ ለስንት ሰው እንደሆነ ነው። ለባልና ሚስት የተያዘ ክፍል የአንድ ሰው ቁርስ ብቻ የሚያካትትበት ጊዜ አለ፤ ሁለተኛው ሰው በበላ ቁጥር ለብቻው ይመዘገብበታል። ልጆች ይዞ የሚመጣ ሰው እስከ ስንት ዓመት ድረስ በነፃ እንደሚያድሩና ተጨማሪ አልጋ ስንት እንደሚያስከፍል ይጠይቅ።

የገንዘቡ ዓይነት ሌላው ጉዳይ ነው። ብዙ ሆቴሎች ለውጭ አገር ዜጋ በዶላር፣ ለኢትዮጵያዊ በብር ዋጋ ያወጣሉ። የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በዶላር የተነገረ ዋጋ በብር ስንት እንደሚሆን የሚታወቀው በሚከፈልበት ዕለት ነው። ገቢው በብር የሆነ ሰው ዋጋውን በብር አስቆርጦ ማስጻፍ ይኖርበታል። ትውልደ ኢትዮጵያዊ የሆነና የውጭ አገር ፓስፖርት የያዘ እንግዳም የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያውን አቅርቦ የብሩ ዋጋ ይመለከተው እንደሆነ ክፍሉን ከመያዙ በፊት መጠየቅ አለበት። እንግዳ መቀበያው ፊት ሻንጣ ይዞ ቆሞ ስለዚህ መከራከር ለሁለቱም ወገን አስቸጋሪ ነው።

ኮከብን በተመለከተ፣ ለሆቴሎች የኮከብ ደረጃ የሚሰጠው የቱሪዝም ሚኒስቴር ነው፤ ደረጃ ያገኘ ሆቴል ምስክር ወረቀቱን ሰው በሚያየው ቦታ ይሰቅላል። በማስታወቂያ ላይ የተሣለ ኮከብ ግን ማንም ሊሥለው ይችላል።

በቀጥታ መደወል

እንደ ቡኪንግ ዶት ኮም ያሉ የኢንተርኔት መያዣዎች ለመቃኘት እጅግ ጠቃሚ ናቸው። የክፍሉን ፎቶግራፍ፣ የእንግዶችን አስተያየትና በተለያዩ ቀናት ያለውን የዋጋ መውጣትና መውረድ በአንድ ጊዜ ያሳያሉ። አስተያየቶቹን ሲያነቡ የቅርብ ጊዜዎቹን ያስቀድሙ፤ ከአጠቃላይ ነጥቡ ይልቅ «ውሃ»፣ «መብራት» እና «ድምፅ» ስለሚሉት ነገሮች የተጻፈውን ይፈልጉ። ከሦስት ዓመት በፊት የተጻፈ ምስጋና ከባለፈው ወር አንድ ቅሬታ ያነሰ ዋጋ አለው።

ለመያዝ ግን በቀጥታ ለሆቴሉ መደወል ብዙ ጊዜ ያዋጣል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ እነዚህ መያዣዎች ከእያንዳንዱ ክፍያ ላይ 15 በመቶ አካባቢ ኮሚሽን ይወስዳሉ። እርስዎ በቀጥታ ሲደውሉ ያ ገንዘብ ሆቴሉ ጋር ስለሚቀር ከፊሉን ለእርስዎ ለመተው ምክንያት አለው። በኢንተርኔት ያዩትን ዋጋ ይዘው ይደውሉና «ይህን ዋጋ አይቻለሁ፤ በቀጥታ ከእናንተ ብይዝ ስንት ታደርጉልኛላችሁ?» ብለው በግልጽ ይጠይቁ። የአገር ውስጥ ባንክ ካርድ በእነዚህ መያዣዎች ላይ ለመክፈል አብዛኛውን ጊዜ ስለማያገለግልም፣ ከአገር ውስጥ ለሚመጣ እንግዳ ስልኩ የተሻለ አማራጭ ነው።

ሲደውሉ የሚያነጋግሩት ሰው ማን እንደሆነ ልብ ይበሉ። ማታ እንግዳ መቀበያ ላይ ያለ ሠራተኛ የተሰጠውን የዋጋ ዝርዝር ከማንበብ ያለፈ ሥልጣን የለውም። የሽያጭ ክፍሉን ወይም ሥራ አስኪያጁን በሥራ ቀን ከጠዋቱ 4 ሰዓት አካባቢ ያግኙ። እኔ የምጠቀምበት አነጋገር የሚከተለውን ይመስላል፦ «እኅቴ፣ ከእሑድ እስከ ረቡዕ ሦስት ሌሊት፣ ለሁለት ሰው፣ አንድ ክፍል እፈልጋለሁ። ቁርስ፣ አገልግሎትና ቫት ተጨምሮ በብር የመጨረሻ ዋጋችሁን ንገሪኝ።» ይህ አንድ ዐረፍተ ነገር ጠያቂው የሚፈልገውን የሚያውቅ ሰው መሆኑን ስለሚያሳይ የሚመጣው መልስም የተስተካከለ ይሆናል።

ቅናሽ ሲጠይቁ ምክንያት ያቅርቡ። «ትንሽ አይቀንስም?» ከማለት ይልቅ «ሦስት ሌሊት ስለማድር»፣ «ሦስት ክፍል ስለምንይዝ»፣ «የምመጣው በሥራ ቀን ስለሆነ» ቢሉ ሠራተኛዋ ለአለቃዋ የምታቀርበው ነገር ታገኛለች። የሚሠሩበት መሥሪያ ቤት ከሆቴሉ ጋር የድርጅት ዋጋ ስምምነት እንዳለው ማጣራትም አይርሱ፤ በጎንደር ብዙ ስልጠናና ዐውደ ጥናት ስለሚካሄድ ትልልቆቹ ሆቴሎች ከመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና ከግብረ ሠናይ ድርጅቶች ጋር እንዲህ ያለ ውል አላቸው። ሆቴሉ በገንዘብ አልቀንስም ካለ ደግሞ በዓይነት ይጠይቁ። ከአዘዞ ከዐፄ ቴዎድሮስ አየር ማረፊያ የሚያመጣና የሚመልስ ነፃ መኪና፣ ወደ ተሻለ ክፍል መዛወር፣ በመጨረሻው ቀን እስከ ከሰዓት በኋላ መቆየት፣ እነዚህ ሁሉ ለሆቴሉ ብዙ ወጪ የሌላቸው፣ ለእንግዳው ግን ገንዘብ የሚያወጡ ነገሮች ናቸው።

በደላላ በኩል መያዝን አልመክርም። ደላላው የሚያገኘው ከእርስዎ ወይም ከሆቴሉ ነው፤ ከሆቴሉ ካገኘም ያው በእርስዎ ዋጋ ላይ ተጨምሮ ነው።

ቀኑና ሰዓቱ በየትኛው አቆጣጠር ነው?

ይህን ጉዳይ ለብቻው የማነሣው በራሴ ላይ ስለደረሰ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በዋሽንግተን የሚኖር የአጎቴ ልጅ ለጥምቀት ሊመጣ አስቦ በስልክ መልእክት «ለ19 አልጋ ያዝልኝ» ብሎ ጻፈልኝ። እኔም እንዳለ ለሆቴሉ አስተላለፍኩ። እርሱ ጃንዋሪ 19 ማለቱ ነበር፤ ያም ጥር 11፣ የጥምቀት ዕለት ነው። የእንግዳ መቀበያው ሠራተኛ ግን በመዝገቡ ላይ የጻፈው ጥር 19 ነበር። በጥምቀት ዕለት ማምሻ ላይ ባለቤቱንና ሁለት ልጆቹን ይዞ ከአየር ማረፊያ ሲደርስ ሠራተኛው የመዝገቡን ገጽ ወደኛ አዙሮ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ የተጻፈውን «19/5» በጣቱ አሳየን። የስምንት ቀን ልዩነት ነበር። ክፍል አልነበረም፤ ልጆቹ የተኙት በእኔ ቤት መሬት ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ነው። ጥፋቱ የሆቴሉ ብቻ አልነበረም፤ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር አለማስጻፌ የእኔ ጉድለት ነበር።

ከዚያ ወዲህ ያለ ሁለት ቀን አቆጣጠር አልጋ አልይዝም። «ጥር 10፣ ጃንዋሪ 18፣ ሰኞ» ብሎ የሳምንቱን ቀን ጭምር መጻፍ ስሕተትን ያስቀራል። ጥምቀት በአብዛኛው ጃንዋሪ 19 ላይ ይውላል፤ ጳጉሜ ስድስት ከሆነች በኋላ በሚመጣው ዓመት ግን ጃንዋሪ 20 ላይ ስለሚውል በልማድ መቁጠር አደገኛ ነው። ሰዓቱም እንዲሁ ነው። ሆቴሎች ክፍል የሚያስረክቡት ብዙ ጊዜ ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ ሲሆን የሚያስለቅቁት ደግሞ ከ5 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ከውጭ የሚመጣ እንግዳ «በ8 ሰዓት መኪና ላኩልኝ» ብሎ በእንግሊዝኛ ሰዓት ቢጽፍና ሹፌሩ በእኛ ሰዓት ቢረዳው ስድስት ሰዓት ይበላሻል።

ውሃ፣ መብራትና ድምፅ

በጎንደር የቧንቧ ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ብዙ ነው። ከተማዋ ለረጅም ጊዜ የኖረችው በአንገረብ ግድብ ውሃ ሲሆን የሕዝቡ ቁጥር ደግሞ ከግድቡ አቅም በላይ አድጓል። ስለዚህ በዋጋ ሁለት ሆቴሎች ሲቀራረቡብዎ የሚለያቸው የእብነ በረዱ ዓይነት ሳይሆን የውሃ ማጠራቀሚያቸው ይሁን። የራሳቸው ጉድጓድ አላቸው? ሮቶው ስንት ቀን ያቆያል? ቦይለሩ በየክፍሉ ነው ወይስ ለሕንፃው በሙሉ አንድ ነው? ብለው ይጠይቁ። ጥያቄው አያሳፍርም፤ ጥሩ ሆቴል በኩራት ይመልሳል።

ከተማው ውስጥ ዘመድ ያለው ሰው ከመክፈሉ በፊት ክፍሉን እንዲያይለት ይላክ። እኔ ክፍል ሳይ መጀመሪያ የምገባው መታጠቢያ ቤት ነው። ሙቅ ውሃውን እከፍትና እጠብቃለሁ። ቧንቧው አየር እየተፋ፣ እየተንተከተከ፣ መጀመሪያ የዛገ ቀለም ያለው ውሃ ካወረደ፣ ያ ክፍል ለብዙ ቀናት ሰው አላደረበትም ወይም ውሃው ተቋርጦ ሰንብቷል ማለት ነው። በሁለት ደቂቃ ውስጥ እጅ የማያስነካ ሙቀት ላይ ከደረሰና የሌላውን ቧንቧ ስከፍት ግፊቱ ካልቀነሰ እረካለሁ። ቀጥሎ መጋረጃውን ገልጬ መስኮቱ ወዴት እንደሚያይ አረጋግጣለሁ። ጀነሬተሩ ከመስኮቱ ሥር ከሆነ መብራት በጠፋ ቁጥር ጩኸቱና ጭሱ የእርስዎ ነው። የሠርግ አዳራሹ ከታች ከሆነም ቅዳሜ ሌሊት እንቅልፍ የለም፤ ሌላ ክፍል መጠየቅ ወይም ለዚያ ተገቢውን ቅናሽ መጠየቅ መብትዎ ነው።

ስለ ቦታ ብዙ የምለው የለኝም። ፒያሳ አካባቢ ያረፈ እንግዳ ወደ ፋሲል ግቢ በእግሩ ይሄዳል፤ እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበውን ግቢ ጠዋት ሕዝብ ሳይበዛ ገብቶ ማየት ለሚፈልግ ሰው ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። እንደ ጎሃ ያሉ ከፍታ ላይ የተሠሩ ሆቴሎች ደግሞ ከተማዋን ከላይ ያሳያሉ፤ በምትኩ ለመውጣትና ለመውረድ በየቀኑ የባጃጅ ወይም የታክሲ ወጪ ይኖራል። ይህን የትራንስፖርት ወጪ ከክፍሉ ዋጋ ጋር ደምሮ ማሰብ ያስፈልጋል።

ቀብድ፣ ስረዛና ደረሰኝ

ቀብድ ሲከፍሉ በሆቴሉ ስም በተከፈተ የባንክ ሒሳብ ወይም በድርጅቱ የቴሌብር ቁጥር ብቻ ይክፈሉ። «ለጊዜው በእኔ ስልክ ላኩት» የሚል ሠራተኛ ሐቀኛ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ፈረቃው ሲቀየር ክፍያዎን የሚያውቅ ሰው ላይኖር ይችላል። የከፈሉበትን ማረጋገጫ፣ የክፍሉን ዓይነት፣ የተጠቃለለውን ዋጋና የሁለቱንም አቆጣጠር ቀናት በአንድ መልእክት ጽፈው ይላኩና «ትክክል ነው» የሚል መልስ ይቀበሉ። ያ መልእክት ከማንኛውም ውል ያልተናነሰ ይጠቅማል።

የስረዛ ደንቡን የመሰለ አስፈላጊ ነገር የለም። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በክልሉ ካለው የጸጥታ ሁኔታ የተነሣ መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ አለ፤ ከባሕር ዳር በመኪና የሚመጣው 180 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ዛሬ ክፍት ሆኖ ነገ ላይሆን ይችላል፤ በረራም በአየር ጠባይ ምክንያት ይዘገያል። ስለዚህ ትንሽ ርካሽ ሆኖ ቀብዱ የማይመለስ ክፍልና ትንሽ ውድ ሆኖ ቀን ማዛወር የሚፈቅድ ክፍል ካጋጠመዎ፣ ሁለተኛውን እንዲመርጡ ከልቤ እመክራለሁ። ሆቴሉ ገንዘብ አልመልስም ቢል እንኳ «መንገድ ከተዘጋ ቀኑን ያለ ተጨማሪ ክፍያ አዛውራለሁ» የሚል ቃል በጽሑፍ መቀበል ይቻላል፤ ጠይቄ የተከለከልኩበት ጊዜ ጥቂት ነው።

አቅሙ ለሁሉም ሌሊት የማይፈቅድለት ሰው ደግሞ ቆይታውን ለሁለት ይክፈለው። ቀኑን ሙሉ በፋሲል ግቢ፣ በደብረ ብርሃን ሥላሴና በቁስቋም ሲዞር የሚውልባቸውን ቀናት ንጹሕ በሆነ መካከለኛ ሆቴል አድሮ፣ የመጨረሻውን አንድ ሌሊት ብቻ በትልቁ ሆቴል ያድርገው። በዚያ ቀን ሌላ ዕቅድ አይያዝ፤ በ8 ሰዓት ገብቶ፣ ገላውን ታጥቦ፣ በረንዳው ላይ ቡና እየጠጣ ጀምበር ስትጠልቅ ከተማዋን ያይ። ለክፍሉ የከፈለውን ሁሉ የሚጠቀምበት እንዲህ ያደረገ ሰው ነው። ማደር ባይችልም፣ ቡና ለመጠጣት ወደ ጎሃ ሰገነት መውጣት ለማንም ክፍት ነው፤ አብያተ መንግሥቱ በምሽት ብርሃን ከዚያ ሲታዩ ልብ ይነካሉ።

በመጨረሻም የሒሳብ መግለጫዎን ከመሄድዎ በፊት ባለው ምሽት አስወጥተው ያንብቡ። ያልጠጡት ውሃ፣ ያላጠቡት ልብስ፣ በዋጋው ውስጥ የነበረ ቁርስ ለብቻው ተመዝግቦ ሊሆን ይችላል፤ የአገልግሎት ክፍያው ሁለት ጊዜ የተደመረበትንም አይቻለሁ። ምሽት ላይ ሠራተኛው ጊዜ ስላለው መስመር በመስመር አብሮዎት ያያል፤ ጠዋት ግን ወደ አዘዞ የሚወስድዎ መኪና በር ላይ ሞተሩን አስነሥቶ እየጠበቀ፣ ከኋላዎ አምስት ሰው ተሰልፎ፣ ማንም ሒሳብ የሚያስተካክልበት ጊዜ የለውም።